አንድም ሰው ያልተከሰሰበት እልቂት፣ አንድ ሰው ብቻ የተረሸነበት እልቂት

ይሄ ጉዳይ ሩቅ ሀገር የሆነ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ከመቶ ሰማንያ አመት በላይ ሆኖታል። ግን ካነበብኩት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ስለ ሞርሞኖች ነው። ብዙ ሰው ስለነሱ ሲጠየቅ "ብዙ ሚስት የሚያገቡት አይደሉም እንዴ" ብሎ ነው የሚያልፈው፣ እኔን የያዘኝ ግን እሱ አይደለም፣ እኔን የያዘኝ የፍርድ ቤቱ ነገር ነው። ስራዬ ጅማ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻና ክስ መጻፍ ነው፣ አብዛኛውን በኦሮምኛ አንዳንዱን በአማርኛ፣ ስለዚህ አንድ ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ከሰሰ፣ ማን መሰከረ፣ መዝገቡ ምን ሆነ የሚለውን ነው። (ካልነገርኳችሁ በስተቀር አመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ባጭሩ፣ ጆሴፍ ስሚዝ የሚባል ወጣት በ1830 ኒውዮርክ ውስጥ አዲስ ቤተክርስቲያን አቋቋመ፣ መልአክ አሳይቶኝ ያገኘሁት መጽሐፍ ነው ብሎም መጽሐፈ ሞርሞንን አሳተመ። አመነውም አላመነውም ተከታዩ በፍጥነት በዛ። በ1831 ሚዙሪ በሚባለው ስቴት ውስጥ ጃክሰን ካውንቲ (ካውንቲ እንደኛ ወረዳ በሉት) የሚባለው ቦታ ጽዮን ነው፣ እግዚአብሔር ለኛ የሰጠን ርስት ነው ብለው መስፈር ጀመሩ፣ በሁለት አመት ውስጥ ከሺህ በላይ ሆኑ። እስቲ አስቡት፣ ቀድሞ የሰፈረው ገበሬ ጎረቤቱ መጥቶ "ይሄ መሬት የኛ ርስት ነው፣ አምላክ ነግሮናል" ሲለው ምን ይሰማዋል? በዛ ላይ መሬት ባንድ ላይ ይገዛሉ፣ ምርጫ ሲመጣ ባንድ ላይ ይመርጣሉ፣ አብዛኞቹ ባርነት ከሌለበት ከሰሜን የመጡ ናቸው፣ ሚዙሪ ደግሞ ያኔ የባሪያ ስርአት ያለበት ስቴት ነበር። ስለዚህ የሃይማኖት ጸብ ተባለ እንጂ ውስጡ መሬት አለ፣ ድምጽ አለ፣ ባርነት አለ። እኛ ሀገርም የሃይማኖት ግጭት የሚባለውን ገለጥ ስታደርጉት ከስሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ይወጣል፣ ይሄን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጁላይ 20 ቀን 1833 ኢንዲፔንደንስ ከተማ ላይ የተሰበሰበ ህዝብ የሞርሞኖቹን ማተሚያ ቤት አፈረሰ፣ ጳጳሳቸውን ኤድዋርድ ፓርትሪጅን አደባባይ አውጥተው ሬንጅ ቀብተው ላባ አለበሱት። በኖቬምበር ደግሞ በብርድ ወንዝ አሻግረው ከካውንቲው አባረሯቸው። ሞርሞኖቹም ለስቴቱ ገዢ አቤት አሉ። ገዢው ምን አላቸው መሰላችሁ፣ ህግ አለ፣ ፍርድ ቤት ሂዱ። አሁን እዚህ ጋር ነው እኔ ማንበቤን አቁሜ የተቀመጥኩት። ምክንያቱም ካባረሯቸው ሰዎች መሀል የካውንቲው ባለስልጣናት ራሳቸው አሉበት፣ ለምሳሌ ሳሙኤል ሉካስ የሚባለው የካውንቲው ዳኛ ነበር። እንዴት ነው ታዲያ ያባረረህ ሰው ፊት ቀርበህ ተባረርኩ የምትለው? ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ይሄን ስሜት ያውቀዋል፣ ባለጉዳይ መጥቶ "የምከሰው ሰውና ማመልከቻውን የሚቀበለው ሰው አንድ ናቸው" ሲል እጅ ብእር ላይ ይደርቃል።

ከዛ ወደ ሰሜን ሚዙሪ ሄዱ፣ ለነሱ ተብሎ ካልድዌል ካውንቲ ተቋቋመላቸው፣ ትንሽ ጊዜ ሰላም ሆነ። በ1838 ግን ፈነዳ። እዚህ ላይ ሞርሞኖቹን ንጹህ አድርጌ ላቀርባቸው አልፈልግም፣ እውነቱ እንደዛ ስላልሆነ። ከመሪዎቻቸው አንዱ ሲድኒ ሪግደን ጁላይ 4 ላይ ህዝብ ፊት ቆሞ፣ ከእንግዲህ የሚነካን ካለ እስከ መጠፋፋት የሚደርስ ጦርነት ይሆናል ብሎ ተናገረ። ዳናይት የሚባል ሚስጥራዊ ቡድንም አቋቋሙ። ኦገስት 6 ጋላቲን ከተማ ላይ ሞርሞኖች እንዳይመርጡ ሲከለከሉ ድብድብ ተነሳ፣ በኦክቶበር ደግሞ ሞርሞኖቹ ራሳቸው ጋላቲንን ዘርፈው አቃጠሉ፣ የሰው ቤት ነው ያቃጠሉት፣ ይሄም መመዝገብ አለበት። ኦክቶበር 25 ክሩክድ ሪቨር ላይ ከስቴቱ ሚሊሻ ጋር ተታኮሱ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ወሬው በዚህ ጊዜ ገዢ ለነበረው ለሊልበርን ቦግስ ሲደርሰው እጅግ ተጋንኖ ነው የደረሰው፣ እሱም ኦክቶበር 27 ትእዛዝ ቁጥር 44 የሚባለውን አወጣ። ትእዛዙ ሞርሞኖች እንደ ጠላት መታየት አለባቸው፣ ለህዝብ ሰላም ካስፈለገ መጥፋት ወይም ከስቴቱ መባረር አለባቸው ይላል። የመንግስት ማህተም ያለበት ወረቀት ነው እንግዲህ ይሄ። ስካር ላይ የተነገረ የመንደር ዛቻ አይደለም።

ከ3 ቀን በኋላ ኦክቶበር 30 ሃውንስ ሚል የምትባል ወፍጮ ቤት ያለባት ትንሽ መንደር ላይ ከ200 በላይ የታጠቁ ፈረሰኞች ደረሱ። ትእዛዙ ደርሷቸው ነበር የሚለውን አብዛኞቹ የታሪክ ሰዎች አይቀበሉትም፣ ያለ ትእዛዝም ለመግደል የተዘጋጁ ነበሩ ማለት ነው። ሴቶቹ ወደ ጫካ ሮጡ፣ ወንዶቹና ልጆቹ የብረት ቀጥቃጭ ቤት ውስጥ ገብተው ዘጉ። ቤቱ የግንድ ቤት ነው፣ በግንዱና በግንዱ መሀል ክፍተት አለ፣ ጭቃ አልተመረገም። መሸሸጊያ ይሆናል ብለው የገቡበት ቤት ወጥመድ ሆነባቸው፣ አፈሙዙን በክፍተቱ እየሰደዱ ነው የተኮሱባቸው። ሳርዲየስ ስሚዝ የሚባል የ10 አመት ልጅ ወናፉ ስር ተደብቆ ተገኘ፣ ገደሉት፣ የገደለው ሰውም ቅማል የሚሆነው ቅጫም ነው የሚል ነገር ተናገረ ይባላል። ቶማስ ማክብራይድ የሚባሉ ሽማግሌ ጠብመንጃቸውን አስረክበው በዛው በራሳቸው ጠብመንጃ ተመቱ፣ ከዛ በበቆሎ ማጨጃ ቆራረጧቸው። 17 ሰው ሞተ። የተረፉት መቃብር ለመቆፈር ጊዜም ጉልበትም ስላልነበራቸው ሬሳውን ተቆፍሮ ያላለቀ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አስገቡት። የሳርዲየስ እናት አማንዳ ስሚዝ ባሏንም ልጇንም በአንድ ከሰአት ነው ያጣችው፣ ሌላው ልጇ አልማ ደግሞ ዳሌው በጥይት ተበልቶ ነበር፣ እሷ ናት በዛፍ ስራስር እያከመች ያስነሳችው። ከዚህ ብዙውን የምናውቀው እሷና ሌሎች የተረፉ ሰዎች ቁጭ ብለው ስለጻፉት ነው።

በሃውንስ ሚል አንድም ሰው አልተከሰሰም። አንድም። ገዳዮቹ እንዲያውም ኋላ ላይ በኩራት የሚያወሩት ነገር ሆነ።

በሳምንቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ፣ ይሄኛው እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ያ ቅድም ያልኳችሁ ዳኛው ሳሙኤል ሉካስ አሁን ጄኔራል ሆኖ መጥቷል፣ ጆሴፍ ስሚዝን እና ጓደኞቹን ይዞ በማግስቱ ጠዋት አደባባይ ላይ እንዲረሽናቸው አሌክሳንደር ዶኒፋን ለሚባል የበታቹ አዘዘው። ዶኒፋን ሞርሞን አይደለም፣ የሚዙሪ ሰው ነው፣ ጠበቃ ነው። ይሄ በደመ ቀዝቃዛነት የሚፈጸም ግድያ ነው፣ ትእዛዝህን አልፈጽምም፣ ከገደልካቸውም እኔ ፍርድ ቤት ላይ ተጠያቂ አደርግሃለሁ ብሎ መለሰለት። ሰዎቹ ተረፉ፣ ክረምቱን ሊበርቲ የሚባል እስር ቤት አሳልፈው በኤፕሪል 1839 አመለጡ። እኔ ዶኒፋንን የማነሳው ደግ ሰው ነበር ለማለት ብቻ አይደለም፣ ስሙ መታወቁ ትልቅ ነገር ስለሆነ ነው። "ሚዙሪዎች ገደሉን" ሲባል እሱም አብሮ ይቆጠራል እኮ። ወናፍ ስር ህጻን ልጅ የገደለውና ትእዛዝ አልቀበልም ያለው ባንድ ስም ይጠራሉ። የፍርድ ቤት ስራ ይሄን መለየት ነው፣ አንተ ገደልክ፣ አንተ አየህ፣ አንተ እምቢ አልክ ብሎ ሰውን ከመንጋው ነጥሎ በስሙ መጥራት ነው፣ ፍርድ ቤት ይሄን ካልሰራ ጥፋቱ በሙሉ ህዝቡ ላይ ይቀራል፣ ይሄ ደግሞ ኋላ ምን እንዳመጣ አሁን እነግራችኋለሁ።

በ1839 ሞርሞኖቹ ወደ ኢሊኖይ ተሻግረው ናቩ የምትባል ከተማ መሰረቱ፣ እናም ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው የደረሰበትን ዝርዝር አጻፈ፣ ይሄን ያህል ኤከር መሬት፣ ይሄን ያህል ላም፣ በቆሎ፣ ቤት፣ የጠፋ የስራ ጊዜ፣ የስደት ወጪ፣ ከጎኑ የዶላር ግምት። የኔን ጠረጴዛ ነው ያስታወሰኝ፣ ሰው መጥቶ "ጻፍልኝ፣ ሁለት ኩንታል ቡና፣ አርባ ቆርቆሮ" ሲል ዋጋው ብቻ አይደለም የሚቆጠረው፣ ህይወቱን ነው የሚቆጥርልህ። ጆሴፍ ስሚዝ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ፕሬዚዳንት ቫን ቡረንን አገኘ፣ ጉዳያችሁ እውነት ነው ግን ምንም ላደርግላችሁ አልችልም አለኝ ብሎ ነው የመሰከረው። የሴኔት ኮሚቴውም በ1840 ይሄ የሚዙሪ ጉዳይ ነው፣ ወደ ሚዙሪ ፍርድ ቤት ሂዱ አለ። ትእዛዝ ቁጥር 44 እኮ አልተነሳም፣ ሚዙሪ ከገቡ እንዲጠፉ ወይም እንዲባረሩ የሚል ትእዛዝ አለ! ሚዙሪ ሄዳችሁ ክሰሱ ማለት ምን ማለት ነው?

ፍትህ ያጣ ሰው ግን በራሱ ፍትህ አዋቂ አይሆንም፣ ናቩ ይሄን አሳየች። ጆሴፍ ስሚዝ እዛ ከንቲባም ነው፣ የከተማው ሚሊሻ አዛዥም ነው፣ ነቢይም ነው፣ ሁሉ ነገር አንድ ሰው እጅ ገባ። በጁን 1844 ከሱ የተለዩ ሰዎች ኤክስፖዚተር የሚባል ጋዜጣ አወጡ፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እትም ጁን 7 ወጣ፣ በድብቅ ብዙ ሚስት ማግባትንና ያንን የተከማቸ ስልጣን አጋለጠ። የከተማው ምክር ቤት ጋዜጣው ሁከት ነው ብሎ ወሰነ፣ ጁን 10 ማተሚያው ተሰባበረ። በ1833 ማተሚያ ቤታቸው ሲፈርስ ያለቀሱት ሰዎች በ11 አመታቸው የሌላ ሰው ማተሚያ ሰበሩ! እኔ ይሄን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ያዝናል።

ከዛ ነገሩ ተከታተለ። ጆሴፍና ወንድሙ ሃይረም ካርቴጅ እስር ቤት ገቡ፣ የስቴቱ ገዢ ቶማስ ፎርድ ደህንነታችሁን እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበር። ጁን 27 ቀን 1844 ፊታቸውን ጥቁር የቀቡ ሰዎች እስር ቤቱን ሰብረው ሁለቱንም ገደሏቸው። በ1845 አምስት ሰዎች ለፍርድ ቀረቡ፣ አምስቱም በነጻ ተሰናበቱ። ጁሪው ውስጥ (ጁሪ ማለት ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑ ከህዝብ የተመረጡ ሰዎች ናቸው) አንድም ሞርሞን አልነበረም፣ ሞርሞኖቹም ቢሆን አምነው ሊመሰክሩ አልመጡም፣ እዛው ክፍል ውስጥ የነበሩትና የተረፉት ሁለቱ ሰዎች እንኳን አልቀረቡም። በፍርድ ቤት ተስፋ የቆረጠ ህዝብ ማለት ይሄ ነው፣ ምስክር እያለው አይመሰክርም። በፌብሩዋሪ 1846 በበረዶ ከናቩ መውጣት ጀመሩ፣ በብሪገም ያንግ መሪነት በ1847 ዩታ ገቡ።

እና አሁን 1857። ፕሬዚዳንት ቡካናን ዩታ ላይ ጦር ልኳል፣ ሞርሞኖቹ ሚዙሪ ሊደገምብን ነው ብለው ተነስተዋል። በሜይ ደግሞ ከሃዋርያቶቻቸው አንዱ ፓርሊ ፕራት አርካንሳ ውስጥ ተገድሎ ነበር። በዚህ መሀል ከአርካንሳ ወደ ካሊፎርኒያ የሚያልፉ ቤተሰቦች፣ ከብታቸውን እየነዱ ልጆቻቸውን በሰረገላ ጭነው ደቡብ ዩታ ደረሱ። ከመሀላቸው የሚዙሪ ሰዎች አሉ፣ በነቢያችሁ ሞት ይፎክራሉ የሚል ወሬ ቀደማቸው። ያ በሃውንስ ሚል ሳይፈረድበት የቀረ ደም፣ በካርቴጅ በነጻ የተለቀቀ ደም፣ ባለቤቱ ስላልታወቀ እነዚህ መንገደኞች ላይ አረፈ። ሴፕቴምበር 7 ማውንቴን ሜዶውስ በሚባል ሜዳ ላይ ተከበቡ፣ የአካባቢው የሞርሞን ሚሊሻ የተወሰኑ የፓዩት ህንዶችን (የአሜሪካ ነባር ህዝብ ናቸው) አስከትሎ ነው ያጠቃቸው። መንገደኞቹ ሰረገላቸውን ምሽግ አድርገው ለቀናት ተከላከሉ፣ ውሃ ግን አጠገባቸው እያለ መቅዳት አልቻሉም። ሴፕቴምበር 11 ጆን ሊ የሚባል ሰው ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣ፣ መሳሪያችሁን አስረክቡ ከህንዶቹ እናድናችኋለን ብሎ አሳመናቸው። ህጻናትና ቁስለኞች በሰረገላ ቀደሙ፣ ሴቶች ተከተሉ፣ ከኋላ እያንዳንዱ ወንድ አጠገብ አንድ ሚሊሻ ጠባቂ መስሎ እየሄደ፣ ትንሽ እንደሄዱ ትእዛዝ ተሰጠ፣ እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ገደለ። 120 አካባቢ ሰው። አይመሰክሩም የተባሉ 17 ትንንሽ ልጆች ብቻ ተረፉ፣ ትልቋ ሰባት አመት አልሞላትም።

ብሪገም ያንግ ጋር መልእክተኛ ተልኮ ነበር፣ መንገደኞቹን አትንኩ፣ ይለፉ የሚለው መልስ የደረሰው እልቂቱ ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከዛ ግን ምን ሆነ፣ አካባቢው በሙሉ አፉን ዘጋ። ህንዶቹ ናቸው የገደሉት ተባለ፣ ፓዩቶቹ ለትውልዶች ይሄን ስም ተሸከሙ። በ1859 አንድ የፌደራል ዳኛ ጆን ክሬድልባው ራሱ ቦታው ድረስ ሄዶ ተጠርጣሪዎችን ለመያዝ ሞከረ፣ የሚናገር ሰው አላገኘም። ከ18 አመት በኋላ በ1875 ጆን ሊ ቀረበ፣ ጁሪው አልተስማማም፣ በ1876 እንደገና ቀረበና ጥፋተኛ ተባለ፣ ማርች 23 ቀን 1877 እዛው እልቂቱ የተፈጸመበት ሜዳ ላይ የሬሳ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ተረሸነ። ሊ ጥፋተኛ ነበር፣ በሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ያዘዙት አለቆቹ፣ አጠገባቸው የሚሄደውን ሰው የገደሉት በርካታ ሰዎች፣ አንዳቸውም አልተፈረደባቸውም። በሚዙሪ ማንም ስላልተጠየቀ ሁሉም ጥፋተኛ ሆነ፣ እዚህ ደግሞ አንዱ ስለተጠየቀ ሁሉም ንጹህ ሆነ። ለኔ ሁለቱም ያው ናቸው።

ትእዛዝ ቁጥር 44 የተሻረው በ1976 ነው፣ የሚዙሪው ገዢ ክሪስቶፈር ቦንድ ጁን 25 ቀን ፈርሞ፣ ከ138 አመት በገደማ በኋላ መሆኑ ነው። የሞርሞን ቤተክርስቲያንም ለማውንቴን ሜዶውስ ጥልቅ ጸጸቷን በ150ኛው አመት በ2007 እዛው ቦታ ላይ ገለጸች፣ ያለ ጥፋታቸው ስማቸው ለጠፋው ለፓዩቶችም ለብቻው ጸጸት ተገልጿል። ይሄን የማከብረው ነገር ነው፣ ከልቤ። ግን የዛን ጊዜ ከተጎዱት አንድም ሰው በህይወት የለም።

እና ወደ ቤታችን ልምጣ። በ2003 በኛ አቆጣጠር የካቲት መጨረሻ ላይ አሰንዳቦና አካባቢው የሆነውን የጅማ ሰው ሁሉ ያስታውሳል፣ ቁርአን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነሳ፣ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት በብዛት ተቃጠሉ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። የታሰሩ ነበሩ፣ የተከሰሱ ነበሩ። ከዛ ግን ወሬው ምን ሆነ፣ ባንዱ ወገን "ሙስሊሞቹ አቃጠሉን"፣ በሌላው ወገን "ከውጭ የመጡ ናቸው፣ እኛ አይደለንም፣ አሁን ተረስቷል"። ከዛን ጊዜ ተፈናቃዮች አንዷ፣ እናት የሆኑ ሴትዮ፣ ለሌላ የይዞታ ጉዳይ ማመልከቻ ሊያጽፉ እኔ ጋር መጥተው ነበር፣ ነገር ነገርን ሲያነሳ ያንን አነሱት። "አዴ፣ ማን ነው ያቃጠለው?" ስላቸው ሁለት ስም ጠሩ፣ ቀጥለው ደግሞ ሌላ ስም ጠሩ፣ ሌሊቱን ልጆቻቸውን ጓዳው ውስጥ ያሳደረላቸውን የሙስሊም ጎረቤታቸውን። ምንም አላምታቱም። አስራ ምናምን አመት አልፎ እሳቸው አሁንም ሰውን በየስሙ ያውቁታል፣ ሁሉን ባንድ ስም የሚጠራው በቦታው ያልነበረው ነው።

አንድ ወዳጄ ይሄን ስነግረው ቁስል አትነካካ፣ ሽማግሌ ገብቶ ታርቋል አለኝ። እርቅን እኔም እወዳለሁ፣ የሽማግሌ ስራ ባይኖር ጅማ እስካሁን አብራ ቡና አትጠጣም ነበር። ግን እርቅ ማን ምን እንዳደረገ ካልተናገረ የሚያስታርቀው ሁለት ሰዎችን ሳይሆን ሁለት ህዝቦችን ነው፣ ሁለቱ ህዝቦች ደግሞ መጀመሪያውኑ አልተጣሉም። በኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትህ ፖሊሲ አጽድቋል፣ እውነት ማፈላለግ አለበት፣ ክስ አለበት፣ ካሳ አለበት፣ ወረቀቱ ላይ። ወረዳ ድረስ ወርዶ መቼ እንደሚሰራ እኔ መናገር አልችልም፣ ምስክሮቹ ግን እያረጁ ነው።

ስለዚህ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያላችሁ የህግና የታሪክ ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሁፍ ርእስ የምትፈልጉ፣ አሰንዳቦ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ናት፣ በሚኒባስ የምትደረስ ናት። አማንዳ ስሚዝን ዛሬ የምናውቃት በጊዜው ስለጻፈች ነው። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት ግቡ፣ በሚያውቁት ቋንቋ ጠይቋቸው፣ ማን አቃጠለ ብቻ ብላችሁ እንዳትመለሱ፣ ማን ደበቀ፣ ማን እምቢ አለ፣ ማን ውሃ ይዞ ሮጠ ብላችሁ ጻፉት፣ ቀኑን ጻፉት፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ስማቸውን ጻፉት፣ መዝገብ ሲከፈት እጅ ላይ ይኑር። መጻፍ ላይ እርዳታ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ፣ ያለ ክፍያ።